የየቤታችን ባልትና በለቅሶ ቤት
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ በምግብ ዝግጅት ክፍል የቀረበ ንግግር)




የሂሳቡና የዕቃው ሪፖርት ከተሰማ በኋላ እኛም የምግብ ዝግጅት ክፍል አባላት ጥቂት ቃል እንድናሰማ ስለተፈቀደልን እናመሰግናለን። የምንናገረው ስለ ባልትና ነው። ስለ ድንኳን፣ ስለ ወንበርና ስለ መዋጮ በየዓመቱ ሲነገር ስለ ድስቱና ስለ ምጣዱ ግን እምብዛም አይነሣም። ዘንድሮ ከአንዳንድ አባላት «ለቅሶ ሲደርስ ምግቡ ከሆቴል ተገዝቶ ይምጣ፤ የእናቶች የምግብ ተራ ይቅር» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ጉባዔው በዚህ ጉዳይ ላይ ከመወሰኑ በፊት፣ በየቤታችን ያለው ሙያ ምን እንደሆነና ቢቀር ምን እንደሚጎድልብን ማስረዳት ግዴታችን ነው።

እንደሚታወቀው አዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ያሳደገው ከተማ ነው። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመድረሱ አስቀድሞ በዚሁ አልፏል። ከዚያ ወዲህ በባቡሩም በመኪናውም መንገድ ከየአገሩ የመጣ ሰው ከአፋሩ ባላገር ጋር ጎረቤት ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ በአንድ ሰፈር ውስጥ የአንዷ ቤት በዶሮ ወጥ፣ የሌላዋ በክትፎ፣ የሌላዋ በሩዝ በሥጋ፣ የሌላዋ በገንፎ የታወቀ ነው። «የእገሊት እጅ ይጣፍጣል» የማይባልላት ቤት ብትፈለግ አትገኝም። ዕድራችንም የእነዚህ ሁሉ እጆች ማኅበር ነው።

እስቲ ከዶሮ ወጡ እንጀምር። አብዛኞቹ እናቶቻችን «የምትኮሩበት ምግብ ምንድን ነው?» ቢባሉ እሱን ይጠራሉ። ዶሮዋን ለ12 ብልት ሳያበላሹ መገንጠል፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ፣ ሽንኩርቱን አድቅቆ ከትፎ ያለ ዘይት ማቁላላት፣ በርበሬውን ጠብ ጠብ በሚል ውኃ ጥሬነቱ እስኪለቅ ድረስ ማብሰል፣ ከዚያ በኋላ ቅቤውን ማግባት፣ በመጨረሻም መከለሻውን ነስንሶ ማውረድ፤ ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው። ችኩል ሰው አይሠራውም። ሽንኩርቱ ሳይበስል በርበሬ የገባበት ወጥ ከሩቁ ያስታውቃል። ይህን ሙያ ልጅ ከእናቷ አጠገብ ቆማ እንጂ ከሌላ ቦታ አትማረውም።

ወደ እንጀራው ስንመጣ ደግሞ የእኛ አገር ሴቶች ከደገኞቹ ይልቅ የሚኮሩበት ምክንያት አላቸው። አዋሽ ከባሕር ወለል በላይ 1000 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ሰመራ ግን ከ450 ሜትር በታች ናት፤ በበጋውም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። አዲስ አበባ 2 ወይም 3 ቀን የሚጠብቀው ሊጥ ሰመራ ላይ በአንድ ሌሊት ይኮመጥጣል። ሰመራ በ1990ዎቹ መጨረሻ በአሳይታ ምትክ የክልሉ ዋና ከተማ ስትሆን በሥራ ዝውውር ወደዚያ የሄዱ አባሎቻችን መጀመሪያ የተቸገሩት በዚሁ ነበር። መላውን ያገኙት ራሳቸው ናቸው። እርሾውን ይቀንሳሉ፤ በቀዝቃዛ ውኃ ማምሻውን ያቦካሉ፤ ከላይ ያቀረረውን ውኃ ያፈሳሉ፤ ከሊጡ ቀንሰው በፈላ ውኃ አብሲት ይጥሉና መልሰው ይቀላቅሉታል፤ ኩፍ ሲል ጎሕ ሳይቀድ ምጣድ ይጥዳሉ። የተጋገረውም ነፋስ እንዳያደርቀው፣ ወበቅም እንዳያሻግተው ተጠንቅቀው ይሸፍኑታል። ብዙ ጋግሮ ከማስቀመጥ ጥቂት ጥቂቱን ቶሎ ቶሎ መጋገርን ልማድ አድርገዋል። ዓይኑ የወጣ፣ ልስልስ ያለ እንጀራ በሰመራ ሙቀት የምታወጣ ሴት ባለሙያ ብትባል አይበዛባትም።

ሙቀት ጠላት ብቻ አይደለም፤ ለሚያውቅበት ወዳጅም ነው። ሥጋው በቀጭኑ ተዘልዝሎ፣ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ ሲሰቀል በዚህ ደረቅ አየር ፈጥኖ ቋንጣ ይሆናል። የተረፈው እንጀራ ተቆራርሶ ሲሰጣ ድርቆሽ ይሆናል። ቅቤውም ከኮረሪማ፣ ከኮሰረትና ከበሶብላ ጋር ተነጥሮ ውኃውና አይቡ ከወጣለት በሙቀት አገር እንኳ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ቅመሙ መዓዛ ይሰጠዋል፤ እንዳይበላሽ የሚረዳው ግን በተለይ ውኃው መውጣቱ ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ ዙሪያ መሬት እየተንቀጠቀጠ ብዙ ሺህ ሰዎች ከቀያቸው በተነሡ ጊዜ፣ ምጣድ መጣድ ለማይችል ሰው በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ምን ያህል ዋጋ እንዳላቸው ሁላችንም አይተናል። ይህን ስንቅ የሚያዘጋጅ የቤት እጅ ነው።

የአፋር እኅቶቻችንን ሙያ ደግሞ ሳናነሣ ብናልፍ ንግግራችን ጎደሎ ይሆናል። ከዘንባባ ቅጠል አጥብቆ የተሰፋ የወተት ዕቃ ውኃ የማያፈስ ሆኖ መሰፋቱ ራሱ ጥበብ ነው። ዕቃው በጢስ ይታጠናል፤ ጢሱ ሽታውን ያሳምራል፤ ወተቱንም ከመበላሸት ያቆየዋል። የግመል ወተት ከላም ወተት ይልቅ ሳይረጋ ይቆያል፤ ቅቤ ግን በቀላሉ አይወጣውም፤ ስለዚህ ቅቤው ከላምና ከፍየል ይገኛል። እንግዳ ሲመጣ ፍየል ታርዶ፣ ሥጋው ከጨው በቀር ብዙ ቅመም ሳይበዛበት ይቀርባል። ጨውም ቢሆን የዚሁ ክልል ሀብት ነው። ከዳሎል አካባቢ የሚቆረጠው አሞሌ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በአገራችን እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል፤ ዛሬም የአፍዴራ ጨው በየቤታችን ወጥ ውስጥ አለ።

ስለ ዳጉም አንድ ቃል እንበል። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ መለዋወጣቸውን ዳጉ ይሉታል። የሞት መርዶም እንዲሁ በዳጉ ከአፍ ወደ አፍ ሲደርስ ኖሯል። ወሬውን የሰማ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም፤ ወተት የያዘ ወተቱን፣ ፍየል ያለው ፍየሉን ይዞ ይደርሳል። የእኛ ጥሩምባና የአፋሩ ዳጉ ሥራቸው አንድ ነው፤ ሰው ብቻውን እንዳያዝን ማድረግ።

ወጣቶቹም የራሳቸው አላቸው። በሰመራና በሎግያ ያደጉ ልጆቻችን በጅቡቲው መንገድ የመጣውን፣ መነሻው የመን የሆነውን አሠራር ተምረው፣ በጀርባው ተሰንጥቆ የተዘረጋ ዓሣ በርበሬ ቀብተው በእቶን ይጠብሳሉ፤ ከሙክባዛ ጋርም ያቀርቡታል። «ይህ የእኛ ምግብ አይደለም» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። እኛ ግን እንላለን፤ ፓስታም አንድ ጊዜ እንግዳ ነበር፤ ዛሬ ግን የማይቀቀልበት ቤት የለም።

ክቡራን አባላት፤ አሁን ወደ ለቅሶ ቤት እንግባ።

በለቅሶ ቤት ዶሮ ወጥ አይታሰብም። ለ200 ሰው 12 ብልት አይደርስም፤ ወቅቱም የደስታ አይደለም። ያዘነ ቤት እሳት አያነድም፤ የሚያነድለት ጎረቤት ነው። በቀብር ቀን መጀመሪያ የሚወጣው ንፍሮ ነው። ንፍሮ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሽምብራውና ስንዴው እኩል አይበስሉም። ሽምብራው ከዋዜማው ተዘፍዝፎ አስቀድሞ መጣድ አለበት፤ ስንዴው ኋላ ይጨመራል፤ ጨዉ መጨረሻ ላይ ይገባል። ይህን የማታውቅ ሰው ያወጣችው ንፍሮ አንዱ ፍሬ ቡክ ብሎ ሌላው ጥርስ ይሰብራል። ቀጥሎ ምስር ወጥ፣ ሽሮና ጎመን ይመጣል። እነዚህ ትሑት ምግቦች ናቸው፤ ነገር ግን ትልቅ ነገር ይሠራሉ።

እንዴት ቢሉ፣ በዕድራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አባል ነው። የሥጋው ነገር በየሃይማኖቱ ሥርዓት የተለየ መሆኑን ሁላችንም እናከብራለን። ንፍሮው፣ በዘይት የተሠራው ምስርና ሽሮው ግን ሁሉንም በአንድ ድንኳን ሥር ያበላሉ። የሚጾመው ይበላዋል፤ የማይጾመውም ይበላዋል። ሥጋ የነካው ድስት እስካልተቀላቀለ ድረስ ማንም ማንንም «ከዚህ ልብላ ወይስ ልተው?» ብሎ አይጠይቅም። በሐዘን ቀን እንዲህ ያለ ጥያቄ እንዳይነሣ ያደረጉ እናቶች ናቸው። ስለዚህ በባልትናችን እንኩራ ከተባለ፣ ከዶሮው ወጥ እኩል በዚህ የምስር ወጥ ልንኮራ ይገባናል።

«ከሆቴል ይምጣ» የሚሉ አባላት ያለ ምክንያት አልተናገሩም። ዛሬ ሴቶቻችን መሥሪያ ቤት ይውላሉ፤ ተራው ሲደርስባቸው ሌሊቱን በጢስ ውስጥ አድረው ጠዋት ሥራ ይገባሉ። ይህ ድካም እውነት ነው። ከዚህም ሌላ አንዳንድ ለቅሶ ቤት የድግስ ውድድር እየመሰለ ነው። «የእገሌ ለቅሶ ላይ እንዲህ ቀርቦ ነበር» እየተባለ ሐዘንተኛው ዕዳ ውስጥ ሲገባ እናያለን። ይህ ግን የባልትና ጥፋት አይደለም፤ መጠን የማጣት ጥፋት ነው። ደግሞም የተገዛ ምግብ ረሃብ ያስታግሣል እንጂ ሌሊቱን ከሐዘንተኛዋ ጓዳ አብሮ አያድርም። ሽንኩርት እየከተፉ አብረው የሚያለቅሱ ጎረቤቶች ከየትም አይገዙም። ወጣት ሴቶችና ወንዶች ልጆችም ሙያውን የሚያዩት በዚያው ጓዳ ነው፤ ተራው ከቀረ ትምህርት ቤታቸው ተዘጋ ማለት ነው።

በመሆኑም ጉባዔው የሚከተሉትን እንዲቀበል እንጠይቃለን።

1ኛ፤ የምግብ ተራው አይቅር፤ ነገር ግን ሸክሙ ይከፈል። ሽንኩርት መክተፍ፣ ውኃና እንጨት ማቅረብ፣ ትልልቁን ድስት ማውጣትና ማጠብ ለወንዶችና ለወጣቶች ይሰጥ። እንጀራው ብቻ በተራው ያልቻለች አባል ካለች ተገዝቶ ይምጣ።

2ኛ፤ በቀብሩ ቀን ለሁሉ የሚቀርበው ንፍሮና ያለ ቅቤ የተሠራ ወጥ ብቻ ይሁን። ከዚያ በኋላ ሥጋ የሚያስፈልግ ከሆነ በየሃይማኖቱ ሥርዓት፣ በተለየ ድስትና ጭልፋ ይዘጋጅ። ዕቃዎቹ ምልክት ይደረግባቸው።

3ኛ፤ በዚህ ሙቀት ጠዋት የተሠራ ወጥ እስከ ማታ ቆሞ አይዋል። የዓለም የጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ውጭ ከ2 ሰዓት ጊዜ በላይ እንዳይቆይ፣ በትኩስነቱ የሚቆይም ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንዲሆን ይመክራል። ይህ ለማንኛውም አገር የተሰጠ ምክር ነው፤ ለአዋሽና ለሰመራማ ይበልጥ ይሠራል። ወጡ በሁለት ዙር ይሠራ፤ ያልተነሣው ድስት ከፍም አይውረድ።

4ኛ፤ ዕድሩ አንድ መዝገብ ይግዛ። እያንዳንዱ ቤት የሚኮራበትን አንድ ምግብ መጠኑንና አሠራሩን ያስጽፍ። መጻፍ የማይችሉ እናቶች ይናገሩ፤ ልጆች ይጻፉ። የሰመራዎቹ ስለ እርሾው፣ የአፋር እኅቶቻችን ስለ ወተቱ ዕቃ፣ የአዋሾቹ ስለ ንፍሮው ያስመዝግቡ። በየዓመቱ ከዕድሩ መጽሔት ጋር ጥቂት ጥቂቱ ይታተም። ከመካከላችን ያረፉ እናቶች ይዘውት የሄዱት ሙያ ብዙ ነው፤ የቀረውን ግን በእጃችን ማቆየት እንችላለን።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ዕድር ማለት ይኸው ነው። ሌሊቱን በጓዳ ያደራችሁ እናቶችና እኅቶች ሁሉ እጃችሁ ይባረክ። ወንዶችም ከመጪው ለቅሶ ጀምሮ ቢላዋ ይዛችሁ ሽንኩርት ከሚከተፍበት እንጠብቃችኋለን።

ፈጣሪ ያረፉትን ነፍስ ይማር፤ የቀረነውን በጤና ያኑረን።