ማጣጣምና መመዘን

አቅራቢ 1፦ በጋምቤላ ክልል መዠንግ ዞን ቡና በጫካ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ዩኔስኮም ጫካውን በ2009 ዓ.ም. በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል። እንዲህ በጥላ ሥር በዝግታ የበሰለን ቡና በጥድፊያ ማወቅ ይከብዳል። በንግድ ቅምሻ ሲኒዎች ይደረደራሉ፤ ቀማሹ በማንኪያ ስቦ ይተፋል፣ ነጥብ ሰጥቶ ያልፋል። ናሙናው ሲበዛ ምላስ ይደክማል፤ ጎላ ያለውም ጣዕም ለስላሳውን ይሸፍነዋል።

አቅራቢ 2፦ ቆይ እንጂ! ቀማሽ ከሌለ እንከኑን ማን ይለያል? ገበሬውስ በምን ሚዛን ይከፈለዋል? ደግሞ ቀማሹም ቡናው እስኪበርድ ጠብቆ ደጋግሞ ይቀምሳል።

አቅራቢ 1፦ ልክ ነሽ፤ ለዋጋ ቅምሻው ግድ ነው። መመዘንና ማጣጣም ግን ለየቅል ናቸው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስንል አንዱን ቡና ከጥንካሬው እስከ ቅጥነቱ እንከተለዋለን። ሚዛኑ ዋጋውን ይነግረናል፤ ጠባዩን የሚነግረን ግን ጊዜ ነው።