ላፕቶፕን ከፋብሪካ እንደ ወጣ ስለ ማድረግ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች የተነገረ)



ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ ለአንዳንዶች ትንሽ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ላፕቶፕ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ዕቃ ሆኗል። ታላቅ ወንድም ለታናሹ ይሰጠዋል፤ አባት ይሸጠዋል፤ ደግ ሰው ለትምህርት ቤት ያበረክተዋል። በውስጡም የመታወቂያ ቅጂ፥ የባንክ ወረቀትና የሟች ዘመድ ፎቶግራፍ ይገኛል። የፊተኞቹ በባዕድ እጅ ቢገቡ ጉዳት ነው፤ የኋለኛው ሳይገለበጥ ቢጠፋ በገንዘብ አይመለስም። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል።

ላፕቶፕን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መመለስ ማለት ባለቤቱ የጨመራቸው ፕሮግራሞች፥ አካውንቶችና ፋይሎች ተወግደው ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ነው። ሥራውም በሦስት ይከፈላል።

አንደኛው ዝግጅት ነው። የሚፈለገው ሁሉ በሌላ ሀርድ ዲስክ ወይም በፍላሽ ይገልበጥ፤ ግልባጩም በሌላ ኮምፒዩተር ተከፍቶ ይታይ። ያልተፈተነ ግልባጭ እንዳልተገለበጠ ይቈጠራልና። ቢትሎከር የሚባለው መቈለፊያ ካለበት 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ተጽፎ ይያዝ። መብራት ቢጠፋ ሥራው በመካከል እንዳይቋረጥ ባትሪው ይሞላ፤ ቻርጀሩም ይሰካ።

ሁለተኛው መመለሱ ነው። በዊንዶውስ 11 «ሴቲንግስ»፥ ቀጥሎ «ሲስተም»፥ ቀጥሎ «ሪከቨሪ» ተከፍቶ «ሪሴት ፒሲ» የሚለው ይጫናል። በዚህ ጊዜ ሁለት መንገዶች ይቀርባሉ። አንደኛው የግል ፋይልን አስቀርቶ ፕሮግራሞችን ያስወግዳል፤ ይህም የዘገየ ላፕቶፕን ለራስ ለማደስ ይጠቅማል። ሌላው ሁሉን ያጠፋል፤ ለሌላ ሰው ለሚሰጥ ዕቃ የሚገባው ይህ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ማጽዳት ነው። ፋይል ሲሰረዝ ስሙ ከመዝገቡ ይፋቃል እንጂ ይዘቱ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ በዲስኩ ላይ ሊቈይ ይችላል፤ ዐዋቂ ሰውም በልዩ ፕሮግራም ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ «ክሊን ዳታ» የሚለው ምርጫ መብራት አለበት። ሰዓታት ቢወስድም መታገሥ ነው።

ሆኖም ይህ ለሁሉ ደዌ መድኃኒት አይደለም። ያረጀ ባትሪን ወይም የተሰበረ ስክሪንን አይጠግንም። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፥ ላፕቶፑ ቢታደስ ድጋፉ አብሮ አይታደስም።

ወላጆቻችን ሆይ፥ ላፕቶፕ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ከልጆቻችሁ ጋራ ተቀምጣችሁ ይህን እንድታደርጉ እንለምናለን። እኛም ተማሪዎች ያልጸዳ ዕቃ ቢደርሰን የሰውን ምስጢር ከመመልከት እንቈጠብ፤ ለባለቤቱም እንንገር። ዕቃን አጽድቶ መስጠት ተቀባዩን ማክበር ነው፤ የሰውን ምስጢር መጠበቅም ከትምህርት የሚገኝ ጨዋነት ነው።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክልን።