የመስታወቱ ተማሪ

የማዕድን ምህንድስና እንዲያጠኑ ወደ እንግሊዝ ተልከው ልባቸው ወደ ሥዕል ያዘነበለው የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ፣ ከሸራ ሥዕል ሌላ ሐረር ላይ የራስ መኮንንን ሐውልት ሠርተዋል፣ ቴምብር ነድፈዋል፣ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳም አስጊጠዋል። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ የሚታየው ሥራቸው ግን የባለቀለም መስታወት ጥበብ፣ ማለትም ቀለም ያላቸውን የመስታወት ቁርጥራጮች ገጣጥሞ ብርሃን እንዲያልፍባቸው የማድረግ ሙያ ውጤት ሲሆን፣ የአህጉሪቱን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል ያሳያል። በሸራ ላይ ብርሃንን የሚፈጥረው ሠዓሊው ነው፤ በመስታወት ላይ ግን ፀሐይ ናት፣ የጠዋቷና የማታዋም አንድ አይደለችም። ስለዚህ በሸራ የተገኘ ዝና እዚያ ብዙም አይረዳም፤ እንዲያውም ሊያሳስት ይችላል። አፈወርቅም ተምረው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ እንደ ጀማሪ እንደገና አውሮፓ ሄደው የመስታወቱን አሠራር አጥንተዋል።