የመጨረሻዋ ሯጭ ውሃ



በእንጦጦ ተራራ ለሚደረገው፣ ከማራቶኑ 42 ኪሎ ሜትር ለሚረዝመው ሩጫ ስንቅ እንድናቀርብ ዘንድሮም ተጠይቀናል። ሒሳቡን የምይዘው እኔ ነኝና የአምናውን ስህተቴን ልናገር። ውሃውን ለአራቱም ጣቢያዎች እኩል አካፈልኩት። ወረቀት ላይ ያምር ነበር። ፈጣኖቹ በጠዋቱ ብርድ ትንሽ ቀምሰው አለፉ፤ የዘገዩት ግን በቀትር ፀሐይ ደክመው መጨረሻው ጣቢያ ሲደርሱ ጄሪካኑ ባዶ ነበር። አንዲት ሯጭ ከአንዷ አባላችን ኮዳ ጠጥታ ነው የወረደችው።

ዘንድሮ ለዚያ ጣቢያ ለ60 ሯጮች፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሊትር ተኩል፣ በድምሩ 90 ሊትር ይዣለሁ። ባለ 20 ሊትር አምስት ጄሪካን መሆኑ ነው። አንድ አህያ ሁለት ትሸከማለች፤ ስለዚህ ሦስት አህያ። አምና በጀቱ ላይ የአህያ ኪራይ የሚል መስመር እንኳ አልነበረም! ለጋሾቻችን፣ ዘንድሮ ስታዩት አትገረሙ።

ውሃ ብቻውንም አይበቃም። ብዙ ያላበው ሰው ያለ ጨው ውሃ ቢያበዛ የደሙ ጨው ቀንሶ ራሱን ሊስት ይችላል። ጨው የተነሰነሰበት ቅቅል ድንች እና በሶ እናዘጋጅ። ቆሎው ይቅር፤ የደረቀ አፍ አያላምጠውም።

መጨረሻው ጣቢያ የሚዘጋው የመጨረሻዋ ሯጭ ስታልፍ ነው። እስከዚያ የሚቆዩ አራት ሴቶች እፈልጋለሁ። ሲመሽ ይበርዳል፣ ጋቢ ያዙ።