ካርዱን ራሳችን ስንጽፈው

(በማኅበራችን የወላጆችና የወጣቶች ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናወራችሁ ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ስለ ካርድ። በአንድ በኩል ጥያቄ፣ በሌላው በኩል መልስ ስላለባት ትንሽ ወረቀት፤ በዕብራይስጥ ካርቲስያ ስለምትባለው። «ለዚህ ነው እንዴ ከቤት ያስወጣችሁን?» እንደምትሉ እናውቃለን። ትንሽ ታገሡን።

እኛ አራት ነን። ባግሩት ጨርሰን፣ ጻባ ሄደን ተመልሰን፣ ቀን እየሠራን ማታ የሂሳብ አያያዝ የምንማር ልጆች። ኮርሱ «ሱግ 1 እና 2» የሚባለው ነው። ፈተናውን ያለፈ በሂሳብ ቢሮ ሥራ ይጀምራል፤ ከፈለገም ወደ ሱግ 3 ይቀጥላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስንፈተን አራታችንም ወደቅን። እናቶቻችን ደግሞ አስቀድመው ለጎረቤት ሁሉ አውርተው ነበር። ውጤቱ የመጣ ዕለት ወደ ቤት ላለመግባት መናፈሻ ውስጥ እስኪመሽ ተቀምጠናል። ይህንን የምንነግራችሁ ልታዝኑልን ብለን አይደለም፤ ለምን እንደወደቅን ስለገባን ነው።

ሰንፈን አልነበረም። ከእኛ በፊት ከተማረ ልጅ ሦስት መቶ ያህል ካርዶች አግኝተን፣ ፎቶ ኮፒ አድርገን ተካፈልን። በአውቶቡስ ላይ፣ በሥራ እረፍት፣ ከመተኛታችን በፊት ሸመደድን። ካርዱ ገና ሲነሳ መልሱ ከአፋችን ይወጣ ነበር። ፈተናው ላይ ግን ያው ጥያቄ በሌላ ቃል ሲመጣ አላወቅነውም። ዓረፍተ ነገሩን ነው እንጂ ነገሩን አላወቅንም ነበር።

ሌላም አለ። እነዚያ ካርዶች ላይ ማዓም 17 በመቶ ይላል። ማዓም ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ 18 በመቶ ሆኗል። እኛ ይህን ሳንሰማ ቀርተን ነው? ሰምተናል እንጂ! ሱቅ በገባን ቁጥር ስንከፍል ነው የከረምነው። እጃችን ግን የሸመደደውን 17 ጻፈ። የሰው ካርድ የሰውን ስህተትና የሰውን ዘመን ይዞ እንደሚመጣ ያን ዕለት ተማርን።

ስለዚህ ለሁለተኛው ፈተና አንድ ስምምነት አደረግን፤ ማንም የሌላውን ካርድ አይገለብጥም። እያንዳንዱ በራሱ እጅና በራሱ ቃል ይጽፋል። መጽሐፉን አንብበን እንዘጋዋለን፣ ከዚያ ካርዱን እንጽፋለን። መጽሐፉ ተዘግቶ መጻፍ ካቃተን አልገባንም ማለት ነው፤ ተመልሰን እናነባለን። ገና ካርዱን ስንሠራ ግማሹ ጥናት ያልቃል።

በአንድ ካርድ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ። መጀመሪያ ላይ «ፔሃት ምንድን ነው?» ብለን ጀርባውን በሙሉ ሞልተነው ነበር። ፔሃት ማለት ንብረት በየዓመቱ ዋጋው ሲቀንስ በመዝገብ የሚጻፈው ነው። እንዲህ ያለ ካርድ ግን ግማሹን ብታውቅ «አወቅሁ» ትላለህ፤ ራስህን ታታልላለህ። ስለዚህ ከፋፈልነው። «የኮምፒውተር ፔሃት በዓመት ስንት ነው?» 33 በመቶ። «የግል መኪናስ?» 15 በመቶ። «ንብረቱ በዓመቱ አጋማሽ ቢገዛስ ምን ይደረጋል?» ይህ ሦስተኛው ነው ማሰብን የሚጠይቀው።

ከሁሉ የጠቀሙን ግን «የስህተት ካርድ» ብለን የጠራናቸው ናቸው። አንድ መልመጃ ስንሳሳት ስህተቱን ራሱን ጥያቄ እናደርገዋለን። ለምሳሌ ደረሰኙ ከነማዓሙ 1,180 ሼቄል ነው፤ ማዓሙ ስንት ነው? ከአራታችን ሁለታችን የ1,180ን 18 በመቶ አስልተን 212.40 አልን። ስህተት ነው። 1,180 ውስጥ ማዓሙ ገብቶበታል፤ ስለዚህ ለ118 አካፍለን በ18 ማባዛት ነው፤ መልሱ 180 ነው። በካርዱ ፊት «212.40 ያለው ሰው የት ተሳሳተ?» ብለን ጻፍን። የራስን ስህተት የያዘ ካርድ ከአእምሮ አይጠፋም፤ ትንሽ ያሳፍራላ!

ካርዶቹን ያስቀመጥነው በጫማ ካርቶን ነው። ዘዴው የእኛ ፈጠራ አይደለም፤ ሰባስቲያን ላይትነር የሚባል ሰው በ1972 በጀርመንኛ በጻፈው መጽሐፍ ያስተዋወቀው ነው። ካርቶኑን በአምስት እንከፍለዋለን። አዲስ ካርድ መጀመሪያው ክፍል ይገባል፤ እሱ በየቀኑ ይታያል። በትክክል ከመለስነው ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ እሱ በየሁለት ቀኑ ነው። እንዲህ እያለ አምስተኛው በወር አንድ ጊዜ ይሆናል። የተሳሳትነው ግን የትም ይድረስ የት፣ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ስለዚህ ጊዜያችንን የሚበሉት የማናውቃቸው ናቸው፤ የምናውቃቸውን እየደጋገምን ደስ እያለን አንቀመጥም። ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ያወጡት ጥናትም ይህንኑ ይደግፋል። ደጋግሞ ያነበበ ከደቂቃዎች በኋላ ሲጠየቅ የተሻለ ያስታውሳል፤ ከሳምንት በኋላ ግን የሚበልጠው ራሱን የፈተነው ነው።

አሁን ወደ እናንተ፣ ወደ ወላጆቻችን እንመጣለን።

ራስን በራስ መጠየቅ ይሰለቻል፤ ጠያቂ ያስፈልጋል። ከእኛ የአንዳችን እናት ዕብራይስጥ አያነቡም፤ አማርኛ ግን ያነባሉ። «ለምን በአማርኛም አትጽፉትም? እኔ እጠይቃችኋለሁ» አሉን። መጀመሪያ ሳቅን። በኋላ ሞከርነው፤ ቃሉ በዕብራይስጥ፣ ማብራሪያው በአማርኛ። ችግሩ ምን ሆነ መሰላችሁ? አልቻልንም! «ሖቫ»ንና «ዝኹት»ን በዕብራይስጥ ስንት ጊዜ ጽፈናል፤ በአማርኛ ለእናታችን እናስረዳ ስንል ግን አፋችን ተያዘ። ዕዳና መብት ብለን ተረጎምነው። እሳቸውም «ታዲያ ካዝና ውስጥ ያለ ገንዘብ እንዴት ዕዳ ይሆናል?» አሉ። መልስ አልነበረንም።

መልሱን የሰጡን ራሳቸው ናቸው፤ በእቁብ። «እኔ የእቁብ ሰብሳቢ ሆኜ አሥር ሰው አንድ አንድ ሺህ ሼቄል ቢሰጠኝ፣ በእጄ አሥር ሺህ አለ። ግን የእኔ ነው? የባለ ዕጣው ነው። በአንድ ገጽ በእጄ ያለውን፣ በሌላው ገጽ የማንን እንደያዝኩ እጽፋለሁ፤ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ጠብ ይነሳል» አሉ። ኮርሱ ውስጥ ለወራት የተማርነው ይኸው ነበር። ሖቫና ዝኹት የገጽ ስሞች ናቸው። ባንክ የሚልክልን ወረቀት ላይ የእኛ ገንዘብ «ዝኹት» የሚባለውም ለዚህ ነው፤ መዝገቡ የባንኩ ነው፤ በባንኩ ዓይን ገንዘቡን የሚያውቀው ለእኛ ነው። ያ ካርድ ከዚያ ቀን በኋላ ወደ መጀመሪያው ክፍል ተመልሶ አያውቅም።

አንድ ማታ ደግሞ የደመወዝ ካርዶች ላይ ደረስን። እሳቸው ያነባሉ፣ እኛ እንመልሳለን። «ፔንስያ፤ ከሠራተኛው ስንት?» 6 በመቶ። «ከአሠሪውስ?» ለጡረታ ቁጠባ 6.5፣ ለፒጹዪም 6። ካርዱን ዝቅ አደረጉና «ቆይ፣ ቆይ፤ አሠሪው ደግሞ ይጨምራል እንዴ?» አሉ። በእስራኤል ከ2008 ጀምሮ ለሠራተኛ ሁሉ ፔንስያ ግዴታ ነው። እሳቸው በአንድ ወጥ ቤት ስንት ዓመት ሠርተዋል፤ ቱሉሹ ላይ የሚቀነሰውን ግብር ነው ብለው ያስቡ ነበር። ሰባት ሺህ ሼቄል የሚያገኝ ሰው 420 ሲቀነስበት፣ አሠሪው 455 እና ሌላ 420 ይጨምራል፤ በወር 1,295 ሼቄል በስሙ ይገባል።

ተነስተው መሳቢያውን ከፈቱ። ከፔንስያው ድርጅት የመጡ ፖስታዎች ሳይከፈቱ ተደርድረዋል። ከቱሉሾቹ ጋር አንድ በአንድ አስተያየናቸው፤ ኮርሱ ላይ «ሃትአማ» ብለን የተማርነውን በእውነተኛ ወረቀት ሠራነው ማለት ነው። በአምስት ወር ቱሉሽ ላይ ገንዘቡ ተቀንሷል፤ የድርጅቱ ወረቀት ላይ ግን አልገባም። ደብዳቤ ጻፍን። የሁለቱ ወር ገባ፤ የሦስቱን እስከ ዛሬ እየተከታተልን ነው። እናታችን ያን ማታ ያሉት አንድ ነገር ነው፤ «ሁልጊዜ እናንተ ትተረጉሙልኛላችሁ፣ እኔ እፈርማለሁ። ዛሬ ግን ምን እንደሆነ ዐወቅሁ።»

ልጆች ሆነን የቢቱዋህ ሌኡሚንና የባንክን ደብዳቤ ያልተረጎመ ከመካከላችን ማን አለ? የስምንት ዓመት ልጅ የማይገባውን ነገር፣ ለማይገባው ሰው ይተረጉማል። እኛም ለካ እስከ ፈተናው ድረስ እንደዚያው ነበርን፤ ሳይገባን የምንተረጉም።

ካርድ ሁሉን ይፈታል እያልን አይደለም። ከመካከላችን አንዷ በቀለምና በመስመር ስታሳምር ሁለት ሳምንት አለፋት፤ ካርዱ አማረ፣ ጥናቱ ቀረ። ደግሞም ሙሉ መልመጃ ሰዓት ይዞ ካልተሠራ ካርድ ብቻውን አያሳልፍም። የባንክ ማስታረቂያና የሂሳብ ሚዛን በቁራጭ ወረቀት አይለመዱም። እኛ ማታ ማታ ካርድ፣ ዓርብ ጠዋት ደግሞ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ሰዓት አስቀምጠን እንሠራ ነበር።

ውጤቱስ? ሦስታችን አለፍን። አራተኛችን በጥቂት ነጥብ ቀርታለች፤ ካርቶኗን ይዛ በሚቀጥለው ትቀመጣለች፤ ጠያቂዎቿ እኛ ነን።

ለወጣቶች፦ ማክሰኞ ማታ እዚሁ ክፍል እንገናኝ። ካርዶቻችንን ስጡን እንዳትሉን፤ አንሰጥም። ባዶ ካርድና እስክሪብቶ ግን እኛ እናመጣለን፤ የሂሳብ ተማሪ ያልሆነም ይምጣ። ለወላጆች ደግሞ፦ ልጃችሁ ሲያጠና «በርታ» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። አጠገቡ ተቀምጣችሁ «እስኪ በአማርኛ አስረዳኝ» በሉት። ማስረዳት ካቃተው አትቆጡት፤ የት ድረስ እንደገባው ያኔ ራሱ ያውቀዋል። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡም ያልተከፈተ ፖስታ ካለ አብራችሁ ክፈቱት።