የስሕተትን መልእክት ስለ ማንበብ

(ለመምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ጉባኤ ፊት ንግግር እንዳደርግ በተጠየቅሁ ጊዜ ስለ ማስተማር ዘዴ አንድ ነገር እንደማቀርብ ሳይታሰብ አልቀረም። እኔ ግን ይዤ የቀረብሁት የራሴን ጥፋት ነው። ጥፋቱም የተፈጸመው በመማሪያ ክፍል ውስጥ ሳይሆን፣ ድሮ የጠመኔና የደብተር ማስቀመጫ በነበረችው የትምህርት ቤታችን ጠባብ ክፍል፣ በዚያ ሌትና ቀን ሲያጉረመርም በሚኖረው ሰርቨር ላይ ነው።

ሰርቨር ማለት ለብዙ ሰዎች ባንድ ጊዜ የሚያገለግል ኮምፒዩተር መሆኑን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። የእኛው ሰርቨር ሙድል የተባለውን የትምህርት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ተሸክሟል። በርሱም ውስጥ ዕጩ መምህራኑ ለተግባር ልምምድ ወደ ገጠር ተማሪ ቤቶች በወጡ ጊዜ የጻፏቸው የትምህርት ዕቅዶች፣ የተቆጣጣሪዎቹ አስተያየትና የሁለት ዓመት ውጤት ተመዝግቧል። ለዚህ ሁሉ መዝገብ በሌላ ስፍራ የተቀመጠ ግልባጭ አልነበረንም። ይህን የምናገረው በኀፍረት ነው።

ነገሩን ከመተረኬ በፊት ሶፍትዌር በሰርቨር ላይ እንደምን እንደሚጫን ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል። ሰርቨራችን የሚሠራው ኡቡንቱ በሚባለው ሥርዓት ነው። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሲሆን መሠረቱ ደቢያን ነው፤ ደቢያንን ደግሞ ኢያን መርዶክ በ1993 ጀመረው። በእነዚህ ሥርዓቶች ሶፍትዌር የሚመጣው ፓኬጅ በሚባል እሽግ ነው። እያንዳንዱም እሽግ ከእርሱ ጋር ሊኖሩ የሚገባቸውን ሌሎች እሽጎች በስማቸው፣ አንዳንድ ጊዜም በዕትማቸው ቁጥር ጭምር ይዘረዝራል። ጠላ ለመጥመቅ የተነሣች ባልቴት ጌሾውና ብቅሉ ሳይሟላ ወደ ሥራ እንደማትገባ፣ ማሽኑም የተዘረዘረው ሳይሟላ አልጭንም ይላል። እነዚህን አንድ በአንድ እየፈለጉ ማምጣት አድካሚ ስለ ነበረ፣ አፕት የተባለው መሣሪያ በ1999 ከደቢያን 2.1 ጋር ወጥቶ ድካሙን አቀለለው።

አፕት ሥራውን በሁለት ደረጃ ይፈጽማል። አስቀድሞ «አፕት አፕዴት» የተባለ እንደ ሆነ ወደ ግምጃ ቤቱ ሄዶ በዚያ ያለውን የዕቃ ዝርዝር አምጥቶ በእጁ ያኖራል። ቀጥሎ «አፕት ኢንስቶል» የተባለ እንደ ሆነ በእጁ ያለውን ዝርዝር ተመልክቶ ዕቃውን ያመጣል። ዝርዝሩ ማኅተምና ቀን አለበት። በማኅተሙ ሐሰተኛ ዝርዝር እንዳይገባ ይጠበቃል፤ በቀኑና በሰዓቱ ደግሞ ማሽኑ ዝርዝሩ መቼ እንደ ተጻፈ አይቶ ከራሱ ሰዓት ጋር ያስተያያል። ይህን ልብ አድርጉልኝ፤ የኔ ውርደት ሁሉ የተነሣው ከዚህ ነውና።

አንድ ቀን ሙድልን ወደ አዲስ ዕትም ለማሻገር ስነሣ አንድ ተጨማሪ የፒኤችፒ እሽግ እንደሚያስፈልግ ታወቀ። ሁለቱንም ትእዛዝ በተከታታይ ሰጠሁ። ማሽኑ ብዙ መስመር ካፈሰሰ በኋላ በመጨረሻ «404፤ አልተገኘም» አለ። ይህ ማለት የተጠየቀው ፋይል በተባለው አድራሻ የለም ማለት ነው። እኔም ግምጃ ቤቱ ተበላሽቷል ብዬ ፈረድሁ። አድራሻውን ከአንዱ አገር ግምጃ ቤት ወደ ሌላው እያዛወርሁ እስከ ማታ ደከምሁ፤ ከዚያም ሁሉ በኋላ እሽጉ አልመጣም።

በማግሥቱ ጠዋት ማሽኑን አጥፍቼ ባስነሣው፣ ይባስ ብሎ «መቆለፊያውን ማግኘት አልቻልሁም» አለኝ። ይህ መልእክት የሚመጣው ሌላ ሥራ በዚያው ሰዓት የእሽጎቹን መዝገብ ይዞ በመሥራት ላይ ሲሆን ነው፤ በኡቡንቱም ብዙ ጊዜ መቆለፊያውን ይዞ የሚገኘው ጥገናዎችን በራሱ ጊዜ የሚጭነው አገልጋይ ነው። መልእክቱ የያዘውን ሥራ ስምና ቁጥር ሳይቀር ይናገራል። ጥቂት መታገሥ ብቻ ይበቃ ነበር። እኔ ግን አንድ የማላውቀው ሰው በኢንተርኔት ላይ የጻፈውን ምክር ተከትዬ የመቆለፊያውን ፋይል ሰረዝሁት፤ በመሥራት ላይ የነበረውንም አገልጋይ በግድ አስቆምሁት። ነገሩ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ሲጽፍ ብዕሩን ከእጁ ነጥቆ በዚያው ገጽ ላይ የራስን ነገር እንደ መጻፍ ያለ ነው። አንዳንዶቹ እሽጎች በግማሽ ተጭነው ቀሩ።

ማሽኑ ከዚያ በኋላ የሰጠው መልስ እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። የጭነቱ ሥራ እንደ ተቋረጠ ገልጦ፣ መዝገቡን ለማቃናት የሚጻፈውን ትእዛዝ ፊደል በፊደል አቀረበልኝ። እኔ ግን ሳላነበው ሦስት ጊዜ የቀድሞውን ትእዛዝ ደጋግሜ ሰጠሁ። በአራተኛው ጊዜ ተሸንፌ የተባልሁትን ስጽፍ መዝገቡ ተቃና፤ 404 ግን በቦታው ነበረ።

በሦስተኛው ቀን ማሽኑን ደምስሼ ከመጀመሪያው እንደገና ለመጫን ቆረጥሁ። አዲሱን ኡቡንቱ የያዘውን ፍላሽ በእጄ ይዤ ሳለሁ፣ ታግዘኝ ዘንድ አብራኝ የነበረች አንዲት ዕጩ መምህርት፣

«መምህር፣ ከመደምሰሱ በፊት መልእክቱን ከላይ ጀምረን እናንብበው» አለችኝ።

«ሦስት ቀን ሙሉ ሳነበው የኖርሁትን አንቺ አሁን ምን ልታነቢልኝ ነው?» ብዬ ገሠጽኋት። ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እኔ ስለ ትዕግሥትና ስለ ጥያቄ ክቡርነት የማስተምር ሰው ነኝ።

ልጅቱ አልመለሰችም። ደብተሯን አውጥታ በማያው ላይ ያለውን ጽሑፍ ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ በእጇ ትገለብጥ ጀመር። እንግሊዝኛን ፈጥና የማታነብ ስለ ሆነች፣ ማንኛውንም ከባድ ነገር አስቀድማ መጻፍ ልማዷ ነው። እኔ ይህን ልማድ እንደ ድክመት እቆጥረው ነበር። ከጥቂት ጊዜም በኋላ ቀና ብላ፣ «እዚህ ላይ ‹ይህ ዝርዝር ገና አልጸናም፤ ሊጸና 4 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይቀረዋል› ይላል። መምህር፣ ገና ያልተጻፈ ወረቀት እንደምን ሊደርሰን ቻለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

የማሽኑ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ይሆናል እንዳልል፣ ሰዓቱን አየሁት፤ 9 ሰዓት ከ20 ነው። የግድግዳውንም አየሁት፤ 9 ሰዓት ከ20 ነው። «ሰዓቱ ትክክል ነው» አልኋት። እርስዋም በስልኳ ያለውን አይታ ጥቂት ዝም አለችና፣ «የግድግዳው 9 የከሰዓት በኋላ ነው፤ የማሽኑ 9 ግን የጠዋት ነው» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በፊት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ፣ በማሽኑ ውስጥ ሰዓት የምትጠብቀው ትንሽ ባትሪ አርጅታ ኖሮ ማሽኑ በድሮ ቀን ተነሣ። በዚያን ሰዓት ኢንተርኔትም ስላልነበረ ሰዓቱ በራሱ አልተስተካከለም። እኔም ቸኩዬ፣ ሰዓትን ከኢንተርኔት የሚያስተካክለውን አገልግሎት ዘግቼ ቀኑን በእጄ አስገባሁ። ዓመቱንና ወሩን በፈረንጅ አቆጣጠር በትክክል ጻፍሁ፤ ሰዓቱን ግን ቀና ብዬ ከግድግዳው ቀዳሁ። የግድግዳችን ሰዓት ደግሞ እንደ አገራችን ልማድ ከፀሐይ መውጫ ይቆጥራል። ማሽኑ ግን ከእኩለ ሌሊት ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ማሽናችን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ኖረ፤ ከግድግዳው ጋር በቁጥር ስለሚስማማ ግን ማንም አልጠረጠረውም። ከኬንያና ከታንዛኒያ የመጣችሁ እንግዶቻችን በዚህ እንደማትስቁብን አምናለሁ፤ በስዋሂሊም «ሳአ ታቱ» የሚባለው ሦስተኛው ሰዓት በማሽን ላይ 9 ሆኖ የሚጻፈው ነውና።

አሁን ሰንሰለቱን እንመልከት። የጥገናዎቹ ዝርዝር በግምጃ ቤቱ በየቀኑ ደጋግሞ ይታደሳል። ዝርዝሩ ከስድስት ሰዓት ወዲህ የተጻፈ በሆነ ቁጥር ለማሽናችን ከነገው ዘመን የመጣ መስሎ ይታየዋል፤ ስለዚህም አልቀበልም ብሎ የቀድሞውን ይዞ ይቀራል። በሚያዝያ 2024 ከወጣው ከኡቡንቱ 24.04 ጋር አብሮ የተጻፈው ዋናው ዝርዝር ግን ስለማይለወጥ ያለ እንከን ያልፍ ነበር፤ ከዚህም የተነሣ ማያው ላይ ብዙ መልካም መስመር ይታይ ስለ ነበረ ተታለልሁ። ከዚያ በኋላ እሽጉን ጫን ስለው በአሮጌው ዝርዝር የተጻፈውን ዕትም ይጠይቃል፤ ያ ዕትም ግን በአዲስ ተተክቶ ከግምጃ ቤቱ ተነሥቷል። 404 የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። እውነተኛው ስሕተት ከርሱ ብዙ መስመር ከፍ ብሎ ተጽፎ ነበር። የመጨረሻው መልእክት ራሱ እንኳ «ምናልባት አስቀድመህ ዝርዝሩን ማደስ ይሻልህ ይሆናል» ብሎ ወደ ላይ ያመለክት ነበር።

የዘጋሁትን የሰዓት አገልግሎት መልሰን ከፈትን፤ ዝርዝሩ ታደሰ፤ እሽጉ ተጫነ። ሥራው ሁሉ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ፍላሹንም ወደ ኪሴ መለስሁት። በማግሥቱ በክፍሉ ሁሉ ፊት ልጅቱን ይቅርታ ጠየቅሁ፤ እርስዋም እጅግ አፍራ ወደ መሬት ስትመለከት ቆየች።

ከዚያ ቀን ወዲህ የተማሪዎችን የሒሳብ ደብተር ሳርም እጄ ይከብደኛል። አንድ ልጅ በሁለተኛው መስመር ላይ የመቀነስን ምልክት ረስቶ፣ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ በትክክል ሠርቶ የተሳሳተ መልስ ላይ ይደርሳል። እኛ ግን ቀዩን ምልክት የምናኖረው በመጨረሻው መስመር ላይ ነው። ልጁም የሚያጠፋው የመጨረሻውን መስመር ነው። እኔ በሰርቨሩ ላይ ያደረግሁት ይኸንኑ ነበር፤ ማን እንዳስተማረኝ መጠየቅ አያስፈልገኝም።

ስለ ሌሎቹ የጭነት ስሕተቶች በአጭሩ ልለፍ። አፕት ዝርዝሩን ሲያመጣ በየመስመሩ ራስ ላይ ከአራት ቃላት አንዱን ይጽፋል፦ «ሂት» ያለው ካለፈው ያልተለወጠ ነው፤ «ጌት» ያለው አዲስ የመጣ ነው፤ «ኢግን» ያለው የተዘለለ ነው፤ «ኧር» ያለው ያልተሳካ ነው። እነዚህን ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ግማሹን መንገድ ተጉዟል። ቦታ አልቀረም የሚል መልእክት ሲመጣ ዲስኩ ሁሉ ሞልቷል ማለት ላይሆን ይችላል፤ ማስነሻው የሚቀመጥበት ትንሹ ክፍል ብቻ በአሮጌ ከርነሎች ተሞልቶ ሊሆን ይችላል። እንደ 23.10 ያሉት መካከለኛ የኡቡንቱ ዕትሞች ደግሞ የሚጠበቁት ለ9 ወር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ አሮጌ ዕትሞች ግምጃ ቤት ይዛወራሉ። በዚህም ጊዜ 404 ይመጣል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ፈጽሞ ሌላ ነው። አንድ ዓይነት ቁጥር ከሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ሊወለድ እንደሚችል ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ስለ ማኅተሙ ግን ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። የማኅተሙ መመርመሪያ ቁልፍ ጠፋ የሚል መልእክት በመጣ ጊዜ፣ ምርመራውን ጨርሶ የሚያስቀር ትእዛዝ እንድትጽፉ የሚመክሩ ሰዎች በኢንተርኔት ሞልተዋል። የቀኑንም ምርመራ የሚያስቀር ትእዛዝ አለ፤ በዚያ ቀን አግኝቼው ቢሆን ኖሮ ሳላመነታ እጽፈው ነበር፤ እሽጉም ይጫን ነበር፤ የማሽናችንም ሰዓት እስከ ዛሬ ስድስት ሰዓት እንደ ዘገየ ይኖር ነበር። ውሻው ስለ ጮኸ ውሻውን ማሰር እንደ ጥበብ ሊቆጠር አይገባም።

አሁን በትምህርት ቤታችን ከአገልግሎት የወጣ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ለልምምድ መድበናል። በየወሩ አንድ ቀን እኔ ሆን ብዬ አበላሸዋለሁ፤ አንዳንድ ጊዜ ሰዓቱን አዛባለሁ፣ አንዳንድ ጊዜ ዲስኩን እሞላለሁ፣ አንዳንድ ጊዜም የግምጃ ቤቱን አድራሻ አንድ ፊደል እለውጣለሁ። ዕጩ መምህራኑ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ መልእክቱን ከላይ እስከ ታች በደብተራቸው ጽፈው፣ በአማርኛ ወይም በየአፍ መፍቻቸው ለጓደኛቸው ሳያስረዱ አንድም ትእዛዝ መስጠት አይፈቀድላቸውም። ፈጣኖቹ ይህን ሕግ አይወዱትም። ጊዜ እንደሚፈጅ አልክድም፤ ባለፈው ወር አንድ ጥንድ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጽፎ ወደ ማሽኑ ሳይደርስ ክፍለ ጊዜው አለቀበት፤ ይህን እንደምን እንደማስተካክለው ገና በማሰብ ላይ ነኝ።

የሰርቨሩ ባትሪ ተለውጧል፤ የመዝገቡም ግልባጭ በየሳምንቱ ዓርብ በሌላ ዲስክ ላይ ተወስዶ በሌላ ሕንጻ ይቀመጣል። በጠባቧ ክፍል ግድግዳ ላይ ካለው ሰዓት በታች፣ ያችው ዕጩ መምህርት ወደ ተመደበችበት ተማሪ ቤት ከመሄዷ በፊት በእጇ የጻፈችው ወረቀት ተለጥፏል፤ «ይህ ሰዓት የእኛ ነው፤ የማሽኑ ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል» ይላል።