በአንጎል ግንድ ስለሚገኘው የሴሮቶኒን ሥርዓትና ስለ ነርቭና ስለ አእምሮ ደዌያት የተደረገ ዲስኩር



 በዚህ ጉባኤ የጥሪ ወረቀት ላይ የታተመው አርእስት ድብርትንና ማይግሬንን፣ ፓርኪንሰንንና የሚጥል በሽታን፣ የሕፃናትንም ድንገተኛ ሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ እንድተነትን ያዝዘኛል፤ ነገር ግን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት የሚጥል በሽታ ከያዛቸው ሰዎችና ከቤተ ሰቦቻቸው ጋራ ስለሆነ፣ ሚዛኑ ወደዚያ ቢያጋድል አትፍረዱብኝ። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ሴሮቶኒን የሚለው ስም ዛሬ በየሬዲዮኑና በየጋዜጣው ሲነሣ የደስታ ቅመም ተብሎ ነው የሚታወቀው፤ ሰውም ኀዘን በያዘው ጊዜ ይህ ቅመም ያነሰው ይመስለዋል። ሆኖም በሰውነታችን ካለው ሴሮቶኒን 90 ከመቶ ያህሉ የሚገኘው በአንጀት ነው፤ ይህም የአንጀት ሴሮቶኒን ደምን ከአንጎል የሚለየውን ግድግዳ ማለፍ ስለማይቻለው፣ አንጎል ለራሱ የሚያሻውን ከምግብ ከሚገኘው ትሪፕቶፋን እየሠራ ይገለገልበታል። የሚሠሩትም ሕዋሳት በአንጎል ግንድ ማእከላዊ መስመር ተሰልፈው የሚገኙ ናቸው። የእኔ አሳብ፣ ዛሬም በፊታችሁ ለማስረዳት የምሞክረው፣ የእነዚህ ሕዋሳት ቀዳሚው ሹመት እስትንፋስን መጠበቅ መሆኑን፣ የደስታና የኀዘንም ነገር በዚህ ላይ ተደርቦ የመጣ መሆኑን ነው።

ነገሩ የተገኘበትን መንገድ ጥቂት ላውጋችሁ። ጣልያናዊው ቪቶሪዮ ኤርስፓመር በ1930ዎቹ ውስጥ ከእንስሳት የሆድ ዕቃ ለስላሳ ጡንቻን የሚያኮማትር ቅመም አውጥቶ ኤንተራሚን ብሎ ሰየመው፤ ይህንኑም ኋላ በኦክቶፐስ የምራቅ ዕጢ ውስጥ አገኘው። በአሜሪካ በክሊቭላንድ ደግሞ ኧርቪን ፔጅ የደም ግፊትን ምክንያት ሲመረምር፣ ከባልደረቦቹ ከሞሪስ ራፖርትና ከአርዳ ግሪን ጋራ ሆኖ፣ ከከብት ደም የደም ሥርን የሚያጠብቅ ቅመም በ1948 ነጥሎ አወጣ፤ ስሙንም ሴሮቶኒን አሉት። የኢጣልያውና የአሜሪካው ቅመም አንድ መሆኑ የተረጋገጠው በ1952 ነው። በዚያው ዘመን ቤቲ ትዋሮግ የተባለች ወጣት ተመራማሪ በሃርቫርድ ሆና፣ በሁለት ቅርፊት መካከል የሚኖረውን ሙስል የተባለ የባሕር ፍጥረት ስታጠና፣ አንዱ ጡንቻው ሳይደክም ረዥም ጊዜ ተጨምድዶ የሚቆይበትን ምሥጢር ትመረምር ነበርና፣ ጡንቻውን የሚያላላው ይኸው ሴሮቶኒን መሆኑን ደረሰችበት። እንዲህ ያለ ታናሽ ፍጥረት በነርቩ የሚገለገልበት ቅመም ከጡት አጥቢዎች አንጎል ሊታጣ አይገባም ብላ ወደ ፔጅ ሄደች፤ ፔጅ በነገሩ ቢጠራጠርም የመሥሪያ ቦታ ሰጣት፤ በ1953ም ሁለቱ በጡት አጥቢዎች አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን መኖሩን በጽሑፍ አስታወቁ። ተማሪዎች ሆይ፣ የምርምር አርእስት ስትመርጡ ሙስልን ለምን ታጠናለህ ብሎ የሚስቅባችሁ ሰው ቢገጥማችሁ ይህችን ሴት ጥቀሱለት።

ሕዋሳቱ በዓይን የታዩት ግን ከዚያ ዐሥር ዓመት ያህል ቈይቶ ነው። ስዊድናውያኑ ፋልክና ሂላርፕ የደረቀ የአንጎል ቅራፊ በፎርማልዲሃይድ እንፋሎት ሲታጠን፣ በልዩ ብርሃን ፊት ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን አረንጓዴ፣ ሴሮቶኒን ደግሞ ብጫ ሆኖ የሚበራበትን ዘዴ አገኙ፤ በዚሁም ዘዴ ዳልስትሮምና ፉክሰ በ1964 በአይጥ አንጎል ግንድ ውስጥ ያሉትን የሴሮቶኒን ሕዋሳት ከቢ1 እስከ ቢ9 በዘጠኝ ጭፍራ ከፍለው ጻፉ። በሰው አንጎል ካሉት 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት መካከል የእነዚህ ቍጥር ጥቂት መቶ ሺሕ ብቻ ነው፤ ነገር ግን የእያንዳንዱ ሕዋስ ሐረግ እጅግ ስለሚበዛና ስለሚራባ፣ ሴሮቶኒን የማይደርስበት የአንጎል ክፍል የለም ማለት ይቻላል። የላይኞቹ ጭፍሮች ሐረጋቸውን ሽቅብ ወደ ልቡናና ወደ ስሜት ስፍራዎች ይሰዳሉ፤ የታችኞቹ፣ ሜዱላ በሚባለው በአንጎል ግንድ የታችኛው ክፍል ያሉት፣ ቁልቁል ወደ አከርካሪ ነርቭና እስትንፋስን ወደሚያዝዙት ሕዋሳት ይወርዳሉ። ስለ ላይኞቹ ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ የታችኞቹ ግን ባለሙያው እንኳ አዘውትሮ የማይጐበኛቸው ሆነው ኖረዋል።

የፈረንሳዩ ሚሼል ዡቬ በሊዮን ከተማ የድመቶችን የሴሮቶኒን ሕዋሳት ባጠፋ ጊዜ እንስሶቹ እንቅልፍ አጡና፣ ሴሮቶኒን የእንቅልፍ አባት ነው ተባለ። በኋላ ግን በነቁና በተኙ ድመቶች ውስጥ የሕዋሳቱ ድምፅ በቀጥታ ሲቀዳ፣ ድመቷ ነቅታ ሳለች በዝግታና በሥርዓት ይተኩሳሉ፣ ስትተኛ ይቀንሳሉ፣ ሕልም በሚታይበት እንቅልፍ ጊዜ ደግሞ ፈጽመው ዝም ይላሉ። ይህን ዝምታ ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የእስትንፋሱ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው፤ ሰው ሲተኛ አፍና አፍንጫው ቢሸፈን፣ የሚተነፍሰው አየር ተመልሶ ወደ እርሱ ይገባና በደሙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከማቻል፤ ደሙም ይኮመጥጣል። ጆርጅ ሪቸርሰን በመጀመሪያ በዬል፣ ኋላም በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቹ ጋራ እንዳሳየው፣ በሜዱላ የሚገኙት የሴሮቶኒን ሕዋሳት በታላላቆቹ የደም ቧንቧዎች ሥር ተጠግተው እንደ ሌሊት ዘብ ይቀመጣሉ፤ ደሙ ሲኮመጥጥ ተኩሳቸውን ያፈጥኑና እስትንፋስን ያበረታሉ፣ የተኛውንም ያነቃሉ። በዘር ብልሃት የሴሮቶኒን ሕዋስ ሳይኖራቸው እንዲወለዱ የተደረጉ አይጦች ለካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሰጡት የእስትንፋስ ምላሽ በግማሽ ያህል አነሰ፤ ይኸው ሪቸርሰን ከባልደረባው ከቡካናን ጋራ በ2010 ባወጣው ጥናት ደግሞ፣ እነዚህ አይጦች ድምፅ ሲሰሙና አየር ሲነፋባቸው እየነቁ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በበዛበት አየር ውስጥ ግን እንደ ተኙ ቀሩ። የቨርጂኒያው ፓትሪስ ጊዬኔ ዋናው የእስትንፋስ ተቈጣጣሪ በአጠገብ ያለ ሌላ የሕዋስ ጭፍራ ነው ብሎ ተከራክሯል፤ ክርክሩም ዘልቋል። እኔ ዳኛ ልሁን አልልም፤ ሁለቱም ወገኖች በልዩ ልዩ ሰዓት የሚሠሩ ይመስለኛል፤ ስለ መንቃት ግን የሪቸርሰን ማስረጃ ይበልጥ ያሳምነኛል።

አሁን ወደ ሕፃናቱ እንምጣ። ጤነኛ ሆኖ ተኝቶ ሌሊት በእንቅልፉ ውስጥ የሞተ ሕፃን፣ ሬሳው ተመርምሮ ምክንያት ሲታጣለት፣ ሞቱ የሕፃናት ድንገተኛ ሞት ይባላል፤ ይህም በምዕራባውያን አገሮች ከአንድ ወር እስከ አንድ ዓመት ያሉ ሕፃናትን ከሚገድሉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ይቈጠራል። በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ሐና ኪኒ ሕይወቷን ለዚህ ነገር ሰጥታ፣ የሞቱትን ሕፃናት ሜዱላ ከሌሎች ምክንያቶች ከሞቱት ጋራ ስታነጻጽር፣ በ2010 ከባልደረቦቿ ጋራ እንዳሳተመችው፣ በድንገት በሞቱት ሕፃናት ሜዱላ ውስጥ ሴሮቶኒን በ26 ከመቶ፣ ሴሮቶኒንን የሚሠራው ኤንዛይምም በ22 ከመቶ አንሶ ተገኝቷል። በ2017ም በደማቸው ውስጥ ሲመረመር፣ ከ61 ሕፃናት በ19ኙ ሴሮቶኒኑ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ በ2023 ደግሞ በሜዱላቸው ከሴሮቶኒን ተቀባዮች አንዳንዶቹ ተለውጠው ታዩ።

እነዚህ ቍጥሮች ብዙ ሰው የማያስተውለውን አንድ መዘዝ ይዘዋል። ሐኪሞች ለብዙ ዘመን እናቶችን ልጆቻችሁን በሆዳቸው አስተኙ ብለው ይመክሩ ነበር፤ ቤንጃሚን ስፖክ የጻፈው ስመ ጥሩ የሕፃናት አስተዳደግ መጽሐፍም ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይህንኑ ያስተምር ነበር። ሕፃኑ በሆዱ ሲተኛ ፊቱ በአልጋው ላይ ይቀበራል፤ ጤነኛ ሕዋሳት ያሉት ይነቃና አንገቱን ያዞራል፤ ሕዋሳቱ የደከሙበት ግን አይነቃም። በ1991 በእንግሊዝ፣ በ1994 በአሜሪካ ልጆች በጀርባቸው እንዲተኙ አዋጅ ሲነገር፣ እንዲህ ያለው ሞት ከግማሽ በላይ ቀነሰ። በኋላ የቀደሙት ጥናቶች ሁሉ ተሰብስበው ሲታሰቡ፣ ማስረጃው ከ1970 ጀምሮ ሊታይ ይቻል ስለ ነበር፣ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ አካባቢ ቢያንስ 50 ሺሕ ሕፃናት ሊድኑ ይችሉ እንደ ነበር ተገመተ። የሐኪም ቃል ሲሳሳት ስንት ነፍስ እንደሚያስከፍል ለማስረዳት ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አላውቅም።

የሚጥል በሽታ ያለባቸውም እንዲሁ ሌሊት በአልጋቸው ላይ ሞተው ይገኛሉ፤ በዓመት ከሺሕ ጐልማሶች ሕሙማን አንዱ ያህል እንዲህ ይሞታል። በሆስፒታል ክትትል ክፍል ውስጥ በካሜራና በመሣሪያ ፊት እንዲህ የሞቱትን ሰዎች ጉዳይ ሰብስቦ ፊሊፕ ሪቭሊን በ2013 ከብዙ አገሮች ባልደረቦቹ ጋራ ባወጣው ጥናት እንደ ታየው፣ መላ አካልን የሚያንቀጠቅጠው ጥቃት ካበቃ በኋላ በሽተኛው ጥቂት ጊዜ በፍጥነት ይተነፍስና፣ ከሦስት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ እስትንፋሱና ልቡ ይደክማሉ፤ አብዛኞቹም በሆዳቸው እንደ ተኙ ሌሊት የሞቱ ናቸው። ቅድም ያልኋችሁ ዝምታ እዚህ ላይ ይመለሳል፤ በአይጦች ላይ እንደ ታየው፣ ጥቃቱ በሚሆንበት ጊዜና ከዚያም በኋላ የሴሮቶኒን ሕዋሳት ተኩሳቸው ይዳከማል፤ ቀድሞ እንቅልፍ ያደከማቸው ዘቦች በጥቃቱ ደግሞ ዝም ይላሉ ማለት ነው። ከጥቃት በኋላ እስትንፋሳቸው በሚቋረጥ አንዳንድ የአይጥ ዘሮች ላይ የሴሮቶኒንን ኀይል የሚጨምር መድኀኒት ሲሰጥ ሞታቸው ይቀንሳል። በሰው ግን ይህ ገና አልተረጋገጠምና፣ ማንም ከዚህ ወጥቶ ለበሽተኛው እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ መድኀኒት እንዳያዝዝለት አደራ።

በአገራችን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋራ በቡታጅራ አካባቢ ከ60 ሺሕ በላይ ሕዝብ ቤት ለቤት ቈጥረው በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሺሕ ሰው 5.2 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አሳይተዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ያለ መድኀኒት የሚኖሩ መሆናቸውን የምታውቁት ነው። አንድ የገጠር አባት ልጁን ይዞ ሲመጣ እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው፣ ሌሊት ከልጁ ጋራ የሚተኛ ማን ነው የሚለውን ነው። አባትየው ይገረማል፤ «ጌታው፣ መድኀኒቱን ነው እንጂ መኝታውን ምን ያደርጉታል?» ይለኛል። ነገር ግን ከጥቃት በኋላ በሽተኛውን መንካት፣ በጐኑ ማስተኛት፣ አፍንጫውን ከልብሱ ማላቀቅ እስትንፋሱን ፈጥኖ እንደሚመልስ በክትትል ክፍሎች ታይቷል፤ ብቻውን የሚተኛም ከሌሎች ጋራ ከሚተኛው ይልቅ ለአደጋው የተጋለጠ ነው። ስለዚህም በየመንገዱ የምናየው፣ ክብሪት ጭሮ ጢሱን ወደ ወደቀው ሰው አፍንጫ የማስጠጋት ልማድ እጅግ ያሳዝነኛል፤ እስትንፋሱ ደክሞ ወደሚገኝ ሰው ጢስ መስጠት ነውና። ልማዱን ከሥሩ መንቀል ሕዝቡን በመዝለፍ አይሆንም፤ ክብሪቱን አስቀምጦ ሰውየውን በጐኑ ማዞርን በትምህርት ቤትም በገበያም በማስተማር ነው። ጸበል ለሚወስዱትም የምናገረው ይኸው ነው፤ ጸበሉን አትተዉ አልላቸውም፣ ተዉም አልላቸውም፤ የታዘዘላቸውን መድኀኒት፣ ፌኖባርቢታልን፣ ግን በድንገት ካቋረጡት ጥቃቱ ተደራርቦ ይመጣልና እርሱን አጥብቀው እንዲይዙት፣ ሌሊትም በሽተኛውን ብቻውን እንዳይተዉት እለምናቸዋለሁ።

የጉባኤው ሊቀ መንበር ሰዓታቸውን ሁለት ጊዜ ተመልክተዋል። እንግዲህ የተቀረውን በሩጫ ልውሰደው።

ስለ ድብርት፦ በ1950ዎቹ ለሳንባ ነቀርሳ የተሰጠው ኢፕሮኒያዚድ ሕሙማኑን ደስተኞች ሲያደርጋቸው ታየ፤ በስዊስ ሮላንድ ኩን ኢሚፕራሚን ድብርትን እንደሚያነሣ አስተዋለ፤ በ1987 መጨረሻ ፍሉኦክሰቲን በአሜሪካ ተፈቀደ። መድኀኒቶቹ ብዙዎችን ይረዳሉ፤ የድብርት ምክንያት የሴሮቶኒን ማነስ ነው የሚለው ትምህርት ግን በ2022 በወጣው በጆአና ሞንክሪፍ ሰፊ ክለሳ ጽኑ ማስረጃ እንደሌለው ተጽፏል። መድኀኒቱ በሚሠራበት ቦታና ደዌው በተነሣበት ቦታ መካከል ልዩነት ሊኖር እንደሚችል ማወቅ ይገባናል። ማሪ ኦስበርግ በ1976 በድብርት ከታመሙት መካከል፣ በአከርካሪ ፈሳሻቸው የሴሮቶኒን ዝቃጭ ያነሰባቸው ራሳቸውን ለመግደል የመሞከር ዝንባሌያቸው ከፍ ያለ መሆኑን ማሳየቷ ከሁሉ ይልቅ ቁም ነገር ያለው ሆኖ ይታየኛል።

ስለ ማይግሬን፦ በ1991 ለሽያጭ የቀረበው ሱማትሪፕታን በሴሮቶኒን ተቀባዮች በኩል ይሠራል፤ በ1995 በተደረገ የአንጎል ምስል ጥናት ደግሞ ራስ ምታቱ በመድኀኒቱ ከበረደ በኋላ እንኳ የአንጎል ግንዱ ሥራ ሳይበርድ ታይቷል። ስለ ፓርኪንሰን፦ ሃይኮ ብራክ በ2003 እንዳሳየው ደዌው ዶፓሚን ወደሚሠሩት ጥቁር ሕዋሳት ከመድረሱ በፊት በታችኛው የአንጎል ግንድ ይጀምራል፣ የሴሮቶኒን ሕዋሳትንም ያገኛል፤ የፓርኪንሰንን መድኀኒት ሌቮዶፓን የወሰደ በሽተኛ ያለ ፈቃዱ የሚወራጨውም በከፊል የቀሩት የሴሮቶኒን ሕዋሳት መድኀኒቱን ወደ ዶፓሚን ለውጠው ያለ ልክ ስለሚለቁት መሆኑ በእንስሳት ታይቷል። ስለ ጭንቀትና ስለ ስኪዞፍሬኒያ የጻፍኋቸውን ገጾች ለጸሓፊው እሰጣለሁ፤ ማንበብ የሚፈልግ ከእርሱ ይውሰድ። ጥያቄ ያላችሁ ከፊት ረድፍ ጀምሩ።